የጤና ድጎማው ወደ ማን ይሄዳል?

ለጤና ምርምርና አገልግሎት ከመንግሥታት ካዝና የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው። መድረሻውን የሚወስነው ግን የበሽታው ክብደት ብቻ አይደለም። ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚያወራርድ፣ ሪፖርት በጊዜው የሚልክ ሰው የት እንዳለም ይወስነዋል።

ከቀኑ 10 ሰዓት አልፏል። በአንድ የክልል ከተማ የሕክምና ኮሌጅ፣ ፋይል በተከመረባት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሦስት መምህራን አንድ ላፕቶፕ ከበዋል። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው፣ ተመራማሪዎች «ኤንአይኤች» ከሚሉት ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የምርምር ገንዘብ የሚጠየቅበት ቅጽ ነው። አንደኛዋ በበጀት ሠንጠረዡ ያለው ድምር ከማብራሪያው ገጽ ጋር ለምን እንዳልገጠመ መስመር በመስመር ትፈትሻለች። ሁለተኛው ኔትወርክ ስለተቆራረጠ ስልኩን መስኮት ላይ አስቀምጦ የሞባይል ዳታ ያጋራል። ሦስተኛው ኮሪደር ላይ ቆሞ በስልክ ይማጸናል፤ ማመልከቻውን የመላክ ሥልጣን ያለው በተቋሙ ስም የተመዘገበው ፈራሚ ኃላፊ ብቻ ነው፣ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። መዝጊያው በአመልካቹ አገር ሰዓት 11 ነው። ካለፈ አለፈ፤ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ነው፣ ያውም ጥሪው ከተደገመ።

እንዲህ ያለውን ከሰዓት በኋላ በጎንደርም፣ በጅማም፣ በሐዋሳም ያሉ ተመራማሪዎች ያውቁታል። ሌላው ሕዝብ ስለ ድጎማ የሚሰማው በመጨረሻው ቀን ነው፤ የስምምነት ፊርማ በዜና ሲታይ፣ አለያም ፕሮጀክት ተዘግቶ ሠራተኛ ሲበተን። በሁለቱ መካከል ያለውን ረጅም መንገድ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ገንዘቡ የሚገኘውም የሚባክነውም ግን እዚያ መንገድ ላይ ነው።

## ብድርም አይደለም፣ ምጽዋትም አይደለም

ድጎማ አይመለስም፤ ስለዚህ ብድር አይደለም። ያለ ጥያቄ አይሰጥም፣ ለምን እንደዋለም ይመረመራል፤ ስለዚህ ምጽዋትም አይደለም። ውል ነው። መንግሥት «ይህ ሥራ ለሕዝብ ይጠቅማል፣ እናንተ ሥሩት፣ እኔ ወጪውን እሸፍናለሁ» ይላል። ተቀባዩ በተጻፈው ዓላማ፣ በተጻፈው ጊዜና በተጻፈው የወጪ አርዕስት ሊሠራ ይፈርማል።

በጤናው ዘርፍ ይህ ገንዘብ በሁለት ትልልቅ መስመሮች ይፈስሳል። አንደኛው ለምርምር ነው፤ አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ መመርመሪያ፣ ወይም «ይህ በሽታ እዚህ ቀበሌ ለምን በዛ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ሁለተኛው ለአገልግሎት ነው፤ ክትባት፣ የእናቶች ክትትል፣ የላቦራቶሪ ዕቃ፣ የባለሙያ ደመወዝ ይከፍላል።

ሰጪዎቹም ብዙ ናቸው። የአሜሪካው ኤንአይኤች በዓመት ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ በጀት ያለው ሲሆን አብዛኛውን የሚያከፋፍለው ከራሱ ቅጥር ግቢ ውጭ ላሉ ተመራማሪዎች ነው። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ከጤና ሚኒስቴሮች ጋር «የትብብር ስምምነት» የሚባለውን ዓይነት ውል ይዋዋላል፤ በዚህኛው ሰጪው ገንዘብ ልኮ ዞር አይልም፣ ከሥራው ውስጥ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ከአፍሪካ አገሮች ጋር የመሠረተው የክሊኒካዊ ሙከራዎች ትብብር በድህነት ለሚስፋፉ በሽታዎች ምርምር ይከፍላል። የስዊድንና የኖርዌይ መንግሥታት ደግሞ አዲስ አበባ፣ አለርት ግቢ ውስጥ የሚገኘውን የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ለረጅም ዓመታት ደግፈዋል። ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ለሥጋ ደዌ ምርምር ተመሥርቶ ዛሬ በሳንባ ነቀርሳ፣ በወባና በሌሎችም በሽታዎች ላይ ይሠራል።

## ዳኞቹ የሚያነቡት 12 ገጽ

የኤንአይኤች ዋናው የምርምር ድጎማ ማመልከቻ እምብርቱ አጭር ነው። የጥናቱ ዓላማ በአንድ ገጽ፣ የምርምር ስልቱ በ12 ገጽ ይጻፋል። ከዚያ በጀቱ፣ የተመራማሪዎቹ የሥራ ታሪክ፣ የሥነ ምግባር ጥበቃውና የመረጃ አያያዙ ተከትሎ ማመልከቻው ወፍራም ጥራዝ ይሆናል።

የሚያነቡት የሙያ አጋሮች ናቸው። እያንዳንዱ ገምጋሚ ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣል፤ ከትምህርት ቤት ልማድ በተቃራኒ 1 ምርጡ፣ 9 ደካማው ነው። የሚመዝኑት ሦስት ነገር ነው፤ ጥያቄው ምን ያህል አስፈላጊ ነው? ዘዴው ጥብቅና የሚቻል ነው? ሰዎቹና ተቋሙ ሥራውን ለመወጣት ብቁ ናቸው? ከዚያ ሁለተኛ ደረጃ ምክር ቤት አይቶት ወደ ውሳኔ ያልፋል። ለረጅም ዓመታት የሚያልፈው በግምት ከአምስቱ አንዱ ነበር። የወደቀ አመልካች አስተያየቱን ተቀብሎ፣ አሻሽሎ እንደገና ያስገባል። በዚህ ሙያ የቆዩ ሰዎች የመጀመሪያውን ውድቀት የሥራው አካል አድርገው ይወስዱታል።

ሦስተኛው መመዘኛ ላይ ግን ወጣት ተመራማሪዎች ቅሬታ አላቸው። ብቃት የሚታየው ባለፈው ሥራ ነው፤ ያለፈ ሥራ ደግሞ የሚኖረው ቀድሞ ገንዘብ ያገኘ ሰው ጋ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ መምህር አብዛኛውን ጊዜ ሲገባ የኖረው በውጭ ዩኒቨርሲቲ ስር፣ ንዑስ ተቀባይ ሆኖ ነው። ዋናው ተመራማሪ ባሕር ማዶ ይቀመጣል፣ መረጃ ሰብሳቢው ገጠር ይወርዳል። ናሙናው በዝውውር ስምምነት ተፈርሞለት በአውሮፕላን ይሄዳል። በጽሑፉ ላይ የአገሬው ሰው ስም መሐል ላይ ይቀመጣል።

የአስተዳደር ወጪውም ልዩነት አለው። ጽዳቱ፣ መብራቱ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ በየትኛውም ጥናት ስር በቀጥታ አይመዘገብም፤ ያለ እነርሱ ግን ምርምር የለም። ለዚህ የሚታሰበው ተጨማሪ ክፍያ በትልልቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ ከቀጥተኛው ወጪ ግማሽ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ኤንአይኤች ለውጭ አገር ተቋም የሚያስበው ግን 8 በመቶ ነው። የምርምር ጽሕፈት ቤቱን ማጠናከር ያለበት ገንዘብ ገና ከመነሻው ቀጭን ነው ማለት ነው።

> ለራሱ ጥያቄ ገንዘብ ያልመደበ አገር የሌላውን ጥያቄ ሲመልስ ይኖራል።

## ከዓድዋ ወንዝ እስከ ካናዳ ድጎማ

ጥያቄው ከማን ይነሣ የሚለው ነገር ለምን ትልቅ እንደሆነ ለማየት የእንዶድን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ለማጥናት ዓድዋ ወርደው ነበር። ቢልሃርዝያ በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በተለይ ልጆችን የሚያደክም በሽታ ነው። ሴቶች በእንዶድ ፍሬ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ዶክተሩ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። አጣቢዎቹ ለዘመናት ሲጠቀሙበት የኖሩት ፍሬ የበሽታውን አስተላላፊ ይገድል ነበር።

ግኝቱ የወንዝ ዳር ነው፤ ማረጋገጡ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። ዶክተር አክሊሉ የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓድዋ ላይ ለዓመታት ሞከረው። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዳቸው ተመዘገበ። ሌላው ተመራማሪ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ በመቶዎች ከሚቆጠሩ የእንዶድ ዓይነቶች ኃይለኛውንና ብዙ ፍሬ የሚሰጠውን መረጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረዘመ። ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው በዘመናዊ ደረጃ በተመሰከረለት ላቦራቶሪ እንዲረጋገጥ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ላቦራቶሪም፣ የምርመራውን ወጪ የሚሸፍን በጀትም አልነበረም። ወጪው የተሸፈነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ በካናዳ መንግሥት በጀት በሚንቀሳቀሰው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጎማ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1989 ነበር፤ ወንዙ ዳር ከታየው ነገር 25 ዓመት በኋላ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ሁለት ጎን አለው። የሌላ አገር መንግሥት ድጎማ በሩን ከፍቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ያ ድጎማ እስኪመጣ ሥራው ቆሞ ጠብቋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ልጅ ወንዝ ገብቶ ዋኘ? ያኔ የአገር ውስጥ ፈንድ ቢኖር ጥያቄው ሌላ አገር የቀጠሮ ሰንጠረዥ ላይ ተራ አይጠብቅም ነበር።

## ሰኔ 30 እና ሴፕቴምበር 30

ከላቦራቶሪ ወጥተን ጤና ጣቢያ እንግባ። በወረዳ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ገንዘብ የሚመጣለት ከብዙ አቅጣጫ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ከጥቅል ድጎማው ነው፤ ይህ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከዚያም በክልሉ ውሳኔ ወደ ወረዳ የሚወርድ የመንግሥት ገንዘብ ነው። ጤና ጣቢያው ከካርድና ከመድኃኒት ሽያጭ የሚያገኘውን የውስጥ ገቢ ለራሱ ያስቀራል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ለአባላቱ ሕክምና ይከፍላል። በዚህ ላይ የለጋሾች ገንዘብ ይመጣል።

የለጋሾቹ ገንዘብ የሚገባበትን መንገድ ባለሙያዎች «ቻናል» ይሉታል። ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ነው። ቻናል ሁለት በቀጥታ ወደ ጤና ሚኒስቴርና ጤና ቢሮዎች ነው። ቻናል ሦስት መንግሥትን ሳይነካ በድርጅቶች በኩል የሚሠራበት ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ቅጽ፣ የየራሳቸው ኦዲትና የየራሳቸው የሪፖርት ጊዜ አላቸው።

የጤና ጣቢያው ሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይወርዳል። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው በእነሱ ሴፕቴምበር 30 ነው፤ በእኛ መስከረም ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ። ሩብ ዓመቱ ከሩብ ዓመት አይገጥምም። በድጎማው የተገዛው መሣሪያ በንብረት ገቢ ደረሰኝ በሞዴል 19 ገብቷል፣ በወጪ ደረሰኙ በሞዴል 22 ወጥቷል፤ ግን ለሥልጠና ከተከፈለው አበል የሦስት ሰው ፊርማ ጎድሏል። ሒሳቡ ካልተወራረደ ቀጣዩ ክፍያ አይለቀቅም። ክፍያው ሲዘገይ ሥራው ይዘገያል፤ በዓመቱ መጨረሻ ገንዘቡ ሳይሠራበት ይቀርና «በጀቱ ተቃጠለ» ይባላል። ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ወረዳው ገንዘብ መጠቀም የማይችል ይመስላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን ከሌላ ጎን ያዩታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም ቤት ለቤት የሚሠሩት እነዚህ ሴቶች አንድ ቤተሰብ ሲጎበኙ ስለ ክትባት፣ ስለ ወባ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ነፍሰ ጡር እናት በአንድ ጊዜ ያወራሉ። ፕሮጀክቶቹ ግን በበሽታ ተከፋፍለው ይመጣሉ፤ አንዱ ለወባ ብቻ መዝገብ ያድላል፣ ሌላው ለነቀርሳ ብቻ ሥልጠና ይጠራል። ብዙዎቹ የሚያነሡት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ ለሥልጠና ወደ ከተማ የምንጠራበት ገንዘብ አለ፣ ለጤና ኬላው ጣሪያና ለውኃ ግን የለም።

> በሽታ በበሽታ የተከፋፈለ ገንዘብ፣ ሳይከፋፈል ከሚኖረው ቤተሰብ ጋር አይገጥምም።

ለዚህ መልስ እንዲሆን ጤና ሚኒስቴር «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚለውን መርሕ ይዞ ተነሥቷል። ከዚህ የተወለደው ዛሬ ዘላቂ የልማት ግቦች የአፈጻጸም ፈንድ የሚባለው የጋራ ቋት ነው። እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ኔዘርላንድስና ሌሎችም መንግሥታት ለዚህ በሽታ ብቻ ይዋል ብለው ሳይወስኑ ገንዘባቸውን በአንድ አኖሩ። ሚኒስቴሩ ከለጋሾቹ ጋር ተመካክሮ ክፍተቱ ወዳለበት አዋለው፤ ብዙው ለመድኃኒት፣ ለሕክምና ዕቃና ለጤና ተቋማት መጠናከር ሄደ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ተረት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ለጋሽ ግን እዚህ ቋት ውስጥ አልገባም፤ የአሜሪካ ገንዘብ በአብዛኛው በራሱ መንገድ ሲሄድ ኖሯል።

## የቆመው ገንዘብ

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዘ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በዚያው ዓመት ጁላይ ውስጥ ሥራውን አቆመ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለኤችአይቪ ሕክምና የሚውለው የፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ዕቅድ፣ ፔፕፋር፣ ለሕይወት አድን አገልግሎቶች ፈቃድ ቢያገኝም መንገራገጩ አልቀረለትም። በኢትዮጵያ በዚህ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ።

የተሰናበቱት እነማን እንደሆኑ ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ሐኪም አይደሉም። መድኃኒት ያቋረጠውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው የሚመልሱ፣ ካርድ የሚያገናኙ፣ የላቦራቶሪ ውጤት ኮምፒውተር ላይ የሚያስገቡ ናቸው። ክሊኒኩ ክፍት ነው፣ መድኃኒቱም መደርደሪያ ላይ አለ። የቀረውን ታካሚ ግን ማን ይፈልገው? ከመንግሥት መዋቅር ውጭ፣ በፕሮጀክት ስም ስለተቀጠሩ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሥራቸውም አብሮ ተዘጋ።

ምርምሩም አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ኤንአይኤች በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስር ለውጭ አገር ንዑስ ተቀባዮች ገንዘብ የሚያልፍበትን አሠራር አዲስ ሥርዓት እስኪያወጣ እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚህ መንገድ ብቻ የሚሠሩ መምህራን መጋዘን ውስጥ ናሙና፣ ደጃፋቸው ላይ የተመዘገቡ የጥናት ተሳታፊዎች እንዳሉ ቆዩ። ሰው «ለጥናት እንከታተልሃለን» ተብሎ ፈርሞ መሐል ላይ መተው የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው፤ ዳግመኛ እንዲያምን መጠየቅ ከባድ ይሆናል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን አባባል የዘርፉ ሰዎች በዚያ ሰሞን ደጋግመው አነሡት። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ወርቁ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ጥፋቱ ወርቁን መቀበላችን ላይ አይደለም፤ ያን ያህል ዓመት ተቀብለን የራሳችንን ካዝና አብሮ ባለማሳደጋችን ላይ ነው።

## ወንበሩ ላይ ታካሚ ሲቀመጥ

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የመንግሥትን የጤና ድጎማ ከሌላው ጫፍ ያውቁታል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ብዙ አበሾች ኢንሹራንስ ሳይኖራቸው የሚታከሙት በፌዴራል መንግሥት ድጎማ በሚሠሩ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከሎች ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1965 ተጀምሮ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ያገለግላል። ክፍያው በታካሚው ገቢ መጠን ይወሰናል።

ከዚህ አሠራር ልንማር የሚገባን አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሕጉ ድጎማውን ለመስጠት ከማዕከሉ ቦርድ አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የራሱ የማዕከሉ ታካሚዎች እንዲሆኑ ያስገድዳል። የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው፣ ሥራ አስኪያጁን የሚቀጥረው፣ በጀቱን የሚያጸድቀው ወረፋ ጠብቆ የታከመ ሰው ነው። የእኛም ጤና ጣቢያዎች የሥራ አመራር ቦርድ አላቸው፤ የታካሚው ወንበር ግን ብዙውን ጊዜ ለኃላፊ የተያዘ ነው።

እዚያ ያሉ የኮሚዩኒቲ ማኅበሮቻችንም ያው ችግር አለባቸው። በአማርኛና በትግርኛ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ አእምሮ ጤና ማስተማሪያ ገንዘብ በካውንቲና በስቴት በኩል ይወጣል። ማኅበሩ ሕዝቡን ያውቃል፤ ነገር ግን የፌዴራል መለያ ቁጥር አላወጣም፣ የተመረመረ ሒሳብ የለውም፣ ጥሪው ሲወጣ የሚያነብ ሠራተኛ የለውም። ገንዘቡ ሕዝቡን ወደማያውቅ ግን ወረቀቱን ወደሚያውቅ ድርጅት ይሄዳል።

## ወረቀቱም የጤና ሥራ ነው

መፍትሔው ለማመልከት መጥላት አይደለም፤ ማመልከትን እንደ ሙያ መያዝ ነው። እያንዳንዱ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጥሪዎችን ዓመቱን ሙሉ የሚከታተል፣ በጀት የሚሠራ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ምዝገባውን ሳይቃጠል የሚያድስ የምርምር ጽሕፈት ቤት ያስፈልገዋል። ፈራሚው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ቢሆኑ ወኪል ይኑራቸው። በወረዳ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛው የጤናው ቡድን አባል ተደርጎ ይታይ፤ እሱ ሲጎድል የሚቆመው ክትባት ነው።

የአገር ውስጥ ድጎማ ደግሞ በዓመት በዓመቱ ይደግ። የአፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ሊያውሉ ቃል ገብተዋል። ብዙዎቹ አልደረሱበትም። ኢትዮጵያ ግን መጀመሪያውን አሳይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የድሀ ድሀውን መዋጮ ከክልልና ከወረዳ በጀት ይሸፍናል። ይህ ባዕድ ያላዘዘው፣ የራሳችን መንግሥት ለራሳችን ሰው የሚሰጠው ድጎማ ነው። ምርምሩም ይህን መንገድ ይከተል። ትንሽ ገንዘብ ይሁን፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ሊቀርብበት የሚችል፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ሳትቀር የምትወዳደርበት፣ የዳኞቹ አስተያየት በጽሑፍ የሚመለስበት ይሁን።

የውጭ መንግሥታት ድጎማ ነገም ይመጣል፤ በሌላ ስም፣ በሌላ ቅድመ ሁኔታ። ያኔ የምንቀበለው የራሳችንን ጥያቄ ጽፈን፣ የራሳችንን ድርሻ አስይዘን፣ የሚቀጠረውን ሰው በመንግሥት መዋቅር ውስጥ አስገብተን ከሆነ፣ ሰጪው ሲሄድ ሥራው ይቀራል። የዚህን ዝግጅት መጀመር ማንም አይሰጠንም፤ ከሚቀጥለው የሐምሌ በጀት ላይ መስመር ተይዞለት የሚጀመር የራሳችን ሥራ ነው።